ኒዮሊበራል ፖሊሲና ዘመናዊ ኢምፔሪያሊዝም የሚገናኙት የት ላይ ነው?

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተሠራው ጣሊያን ለወረራዋ በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ያ ኢምፔሪያሊዝም፣ ማለትም ኃያል አገር በሌላው ላይ የሚጭነው የበላይነት፣ በታንክና በመርዝ ጋዝ ስለመጣ በዳዩን ለመለየት አላስቸገረም፤ የዛሬው ግን በብድር ውል በኩል ስለሚያልፍ ብዙዎችን ያደናግራል።

ኒዮሊበራል ፖሊሲ መንግሥት ከዋጋና ከምንዛሪ ቁጥጥር እጁን እንዲያነሳ፣ ድጎማን እንዲቀንስ፣ የልማት ድርጅቶችን ወደ ግል እንዲያዛውርና ገበያውን ለውጭ ካፒታል እንዲከፍት ይጠይቃል። አንድ አገር ይህን በሕዝቡ ፈቃድ ቢመርጥ ኢምፔሪያሊዝም ሊባል አይገባም። ጥያቄው የሚነሳው ፖሊሲው የብድር ቅድመ ሁኔታ ሲሆን ነው። በዓለም የገንዘብ ድርጅት ድምፅ የሚመዘነው በአባላቱ መዋጮ ሲሆን፣ እንደ ድርሻ ክፍፍል ያሉ ዐበይት ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ ስለሚጠይቁ ከ16 በመቶ በላይ የያዘችው አሜሪካ ብቻዋን ልታግዳቸው ትችላለች።

ኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስታደርግ፣ ድርጅቱ በዚያው ዕለት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እርግጥ በጥቁር ገበያ ዶላር አስቀድሞ በእጥፍ ገደማ ይሸጥ ስለነበር የቀድሞው ተመንም ጤናማ አልነበረም። ሆኖም የጣና አሣ አስጋሪ አሣውን የሚሸጠው በብር ሲሆን የሞተር ጀልባው ነዳጅ የሚገባው በዶላር ነው። ልዩነቱን ከኪሱ የሚሸፍነው እሱ ነው፤ ከድርጅቱ ጋር በተደረገው የብድር ድርድር ግን ወንበር አልነበረውም።