ኦኬ፦ የአንድ ቃል ታሪክና አገልግሎት

«ኦኬ» በአሜሪካ እንግሊዝኛ ተወልዶ ወደ በርካታ የዓለም ቋንቋዎች የተሻገረ ቃል ነው። ስምምነትን፣ ፈቃድን፣ ደኅንነትን ወይም መካከለኛነትን ይገልጻል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከአንድ የንግግር ጉዳይ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ብቻ ያገለግላል። በእንግሊዝኛ በሁለት ፊደላት አጥሮም ሆነ እንደ ሙሉ ቃል ተዘርዝሮ ይጻፋል፤ ሁለቱም አጻጻፎች ተቀባይነት አላቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጡ

በ1830ዎቹ መጨረሻ የቦስተን ከተማ ጋዜጠኞች ሐረጎችን በመነሻ ፊደሎቻቸው እያሳጠሩ መጻፍ ይወዱ ነበር፤ ልማዱም ከ1838 በጋ ጀምሮ ጎልቶ ታየ። የጨዋታው ዋና ጣዕም ሐረጉን ሆን ብሎ በስሕተት መጻፍና ምህጻሩን ከተሳሳተው አጻጻፍ ማውጣት ነበር። «ኦል ራይት» የሚለው ሐረግ በትክክለኛ አጻጻፉ በ«ኤ» እና በ«አር» ሊያጥር ሲገባው «ኦ.ደብሊው.» ይባል ነበር፤ «አይሆንም» የሚል ፍቺ ያለው «ኖ ጎ»ም «ኬ.ጂ.» እየተባለ ይታተም ነበር። «ሁሉም ትክክል ነው» ማለት የሆነው «ኦል ኮሬክት»ም በትክክለኛ አጻጻፉ «ኤ.ሲ.» መሆን ሲገባው በዚሁ መንገድ «ኦ.ኬ.» ሆነ።

ቃሉ በኅትመት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ የሚባለው ማርች 23 ቀን 1839 በወጣው የቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ዕትም ላይ ነው። የጋዜጣው አዘጋጅ ቻርልስ ጎርደን ግሪን ይባል ነበር። ጽሑፉ የደወል መደወልን እቃወማለሁ የሚል አንድ ቀልደኛ የቦስተን ማኅበርን ጉዞ የሚመለከት አጭር የፌዝ ዘገባ ሲሆን፣ በዓረፍተ ነገሩ መካከል ሁለቱን ፊደላት አስገብቶ ወዲያው «ሁሉም ትክክል» የሚለውን ፍቺ አስከትሏል። ፍቺው ከምህጻሩ ጎን አብሮ መታተሙ ማስረጃውን እጅግ ጠንካራ ያደርገዋል፤ አንባቢው የኋላ ዘመን ሰዎችን ግምት ሳይጠብቅ የቃሉን ትርጉም ከራሱ ከጽሑፉ ያገኛልና።

ይህ እንዲታወቅ ያደረጉት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር የነበሩት አለን ዎከር ሪድ ናቸው። ሪድ በ1941 ቃሉ ከ1840ው የፕሬዚዳንት ምርጫ ጋር ያለውን ግንኙነት አሳዩ፤ ከ1963 እስከ 1964 ባወጧቸው ተከታታይ ጥናቶች ደግሞ ምንጩን ወደ ቦስተን አድርሰው ሌሎቹን መላምቶች አንድ በአንድ መረመሩ። የቆዩ ጋዜጦችን በኮምፒውተር መፈለግ በማይቻልበት ዘመን ይህን ያህል የተሟላ የኅትመት ማስረጃ ማሰባሰባቸው በሥርወ ቃል ጥናት ታሪክ ትልቅ ክብር የሚገባው ሥራ ነው። ታላላቆቹ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም ዛሬ የሚከተሉት የእርሳቸውን ማብራሪያ ነው።

የ1840 ምርጫ

በቦስተን ከተፈለሰፉት ምህጻሮች አብዛኞቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተረሱ። «ኦኬ»ን ከዚህ ዕጣ ያዳነው ፖለቲካ ነው። ስምንተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢውረን የተወለዱት በኒውዮርክ ግዛት ኪንደርሁክ በተባለ መንደር በመሆኑ ደጋፊዎቻቸው «ኦልድ ኪንደርሁክ»፣ ማለትም «የኪንደርሁኩ አዛውንት»፣ ብለው ይጠሯቸው ነበር። የቅጽል ስሙ መነሻ ፊደላት ከቦስተኑ ምህጻር ጋር በመግጠማቸው፣ በ1840 በኒውዮርክ ከተማ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ደጋፊዎች «ኦ.ኬ. ክለብ» የተባለ ማኅበር መሠረቱ። ስሙ እጩአችን የኪንደርሁኩ ሰው ነው፣ እርሱም ትክክለኛው ሰው ነው የሚለውን መልእክት በአንድ ጊዜ ያስተላልፍ ነበር።

ዊግ የተባለው ተቃዋሚ ፓርቲ ደጋፊዎችም ዝም አላሉም። አገሪቱ በ1837 ከጀመረው የገንዘብ ቀውስ ገና ያላገገመች በመሆኗ፣ ሁለቱን ፊደላት ራሳቸው በተሳሳተ አጻጻፍ እየፈቱ «ጥሬ ገንዘብ የነጠፈበት»፣ «አበዳሪ ያጣ» የሚል ትርጉም ሰጧቸው። ከቫን ቢውረን በፊት ፕሬዚዳንት የነበሩት አንድሪው ጃክሰን ፊደል በቅጡ ስለማያውቁ ያጸደቁትን ሰነድ ሁሉ «ኦል ኮሬክት» በሚለው የተሳሳተ ምህጻር ይፈርሙ ነበር የሚለው ወሬም የተነዛው በዚያው የምርጫ ሰሞን ነው። ወሬው ከጊዜ በኋላ እንደ እውነተኛ ታሪክ ተወስዶ ብዙዎችን አሳስቷል። በ1790 በዛሬዋ ቴነሲ የተጻፈና የጃክሰን ስም ያለበት የፍርድ ቤት መዝገብም ለዚህ በማስረጃነት ቀርቦ ነበር፤ ይሁን እንጂ ምልክቱ ሲመረመር «ትእዛዙ ተመዝግቧል» ለሚለው ሐረግ የሚቆመው «ኦ.አር.» ሆኖ ተገኝቷል።

ቫን ቢውረን በዊጎቹ እጩ በዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን፣ ፕሬዚዳንቱን በሚመርጠው የግዛቶች ወኪሎች ጉባኤ (ኢሌክቶራል ኮሌጅ) 234 ለ60 በሆነ ድምፅ ተሸነፉ። ቃሉ ግን በምርጫው ዘመቻ በመላ አገሪቱ ጋዜጦች ተሠራጭቶ ቀረ። ከ1844 በኋላ ቴሌግራፍ ሲስፋፋ ኦፕሬተሮች መልእክት መድረሱን ለማረጋገጥ ተጠቀሙበት።

ሌሎች መላምቶች

ስለ ቃሉ ምንጭ የቀረቡት አማራጮች ብዙ ናቸው። ከግሪክኛው «ኦላ ካላ»፣ ከስኮትላንዶች «ኦኽ አይ» ወይም ኦባዲያ ኬሊ ከተባለ የባቡር ሠራተኛ ፊርማ የመጣ ነው የሚሉት የድምፅ መመሳሰልን እንጂ ቀን ያለው ጽሑፍ አያቀርቡም። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነውን የቾክቶ ሕዝብ ቋንቋን ምንጭ የሚያደርገው መላምት የበለጠ ተሰሚነት ነበረው፤ ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን ይህንኑ በማመን ሰነዶችን ሲያጸድቁ ቃሉን ለቾክቶኛው በሚቀርብ አጻጻፍ ይጽፉት ነበር።

በ1969 የቋንቋ ምሁሩ ዴቪድ ዳልቢ ቃሉን ከዎሎፍና ከሌሎች የምዕራብ አፍሪካ ቋንቋዎች ጋር አያይዘውታል። በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን ለአሜሪካ እንግሊዝኛ በርካታ ቃላት ማበርከታቸው የታወቀ ስለሆነ ሐሳቡ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ምናልባት የቃሉን ቶሎ መለመድ ያግዝ የነበረ ተመሳሳይ የአነጋገር ልማድ ቀድሞ ይኖር ይሆናል፤ የ1839ኙን ኅትመት ግን አይተካም።

የአሁን አገልግሎቱ

በሰዋስው ረገድ ቃሉ ስም፣ ግሥ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግሥና ቃለ አጋኖ ይሆናል። አለቃ ዕቅድን ሲያጸድቅ «ኦኬ» ሰጠ ይባላል፤ የወደቀ ሰው «ኦኬ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። በቅጽልነት ሲያገለግል ከሙገሳ ይልቅ ወደ መካከለኛነት ያዘነብላል፦ ምግቡ ኦኬ ነበር ያለ ሰው ሊበላ ይችላል እንጂ ግሩም ነው አላለም። የቃሉን ታሪክ በሰፊው የጻፉት አለን ሜትካፍ ጥንካሬው ከዚሁ የሚመነጭ መሆኑን አስገንዝበዋል፤ ቃሉ ነገሩን ይቀበላል እንጂ ምን ያህል መልካም እንደሆነ አይመዝንም።

የጭውውት አጥኚዎች ደግሞ ሌላ ሥራውን ለይተዋል። ኢማኑኤል ሼግሎፍና ሃርቪ ሳክስ በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ ተነጋጋሪዎች ስልክ ከመዝጋታቸው በፊት «ኦኬ» የሚሉት የሚጨምሩት ጉዳይ እንደሌላቸው ለማሳወቅና ሌላው ተናጋሪ ያልተነሣ ነገር ካለው እንዲያነሣ ዕድል ለመስጠት መሆኑን አሳይተዋል። መምህር ትምህርት ሲጀምር «ኦኬ» ሲልም ለማንም እየመለሰ አይደለም፤ ያለፈውን ዘግቶ የሚመጣውን መክፈቱ ነው።

በሜይ 5 ቀን 1961 አለን ሼፐርድ ወደ ጠፈር በተጓዙበት ዕለት የናሳ ቃል አቀባይ ጆን ፓወርስ «ኤ-ኦኬ» (ሁሉም ፍጹም ደኅና ነው) የሚለውን አባባል ከጠፈርተኛው የተሰማ አድርገው ለሕዝብ አቀረቡ፤ በበረራው የድምፅ ቅጂ ግን ሼፐርድ ይህን ሲሉ አይሰማም። በኢንተርኔት አንድ ድረ ገጽ በአግባቡ ሲከፈት አገልጋዩ ኮምፒውተር የሚመልሰው ኮድ «200 ኦኬ» ነው።

አውራ ጣትና ሌባ ጣት ክብ ሠርተው ሌሎቹ ሲዘረጉ የሚፈጠረው የእጅ ምልክትም በዚሁ ስም ይጠራል። ጠላቂ ዋናተኞች ደኅና መሆናቸውን የሚገልጹት በእርሱ ነው፤ አውራ ጣትን ወደ ላይ ማቅናት በእነርሱ ዘንድ «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት አደጋ አለው። ምልክቱ በጃፓን ገንዘብን፣ በፈረንሳይ ዜሮን ሊያመለክት ይችላል፤ በብራዚል ደግሞ ስድብ ነው።

በአማርኛ

አማርኛ ተናጋሪዎች ቃሉን በንግግርም ሆነ በስልክ መልእክት አዘውትረው ይጠቀሙበታል፤ «ኦኬ ነኝ»፣ «ኦኬ ብሎኛል» የሚሉት አነጋገሮች በሰፊው ይሰማሉ። ቢሆንም «እሺ»ን አላፈናቀለም። «እሺ» ብቻውን ስምምነትን፣ ታዛዥነትን፣ «ቀጥል፣ እየሰማሁ ነው» ማለትን፣ እንደ ድምፁ አወጣጥም ማስጠንቀቂያን መግለጽ የሚችል ሰፊ ቃል ነው፤ «እሺታ» የሚል ስምም ስለሚወጣለት «እሺታውን ሰጠ» ሲባል ፈቃድ መገኘቱ ይገለጻል። በደብዳቤና በውል ሁለቱም ቃላት ቦታ የላቸውም፤ በዚያ «ተስማምቻለሁ» ወይም «ጸድቋል» ይጻፋል። ወደ አማርኛ በተተረጎሙ የስልክና የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ግን እንግሊዝኛው «ኦኬ» በሚልበት ቁልፍ ላይ የሚነበበው «እሺ» ነው።