እሁድ በትንሽ አጥቢያ፦ ከገጠር ጸሎት ቤት እስከ አዲስ አበባ መሃል

አዲስ አበባ ውስጥ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሲነሳ ብዙ ሰው ፊት ድቅን የሚለው ትልቁ አዳራሽ፣ ስክሪኑና በቴሌቪዥን የሚታየው ሰባኪ ነው። ትንሹን አጥቢያ ማንም አያወራለትም። ከልደታ እስከ አምስት ኪሎ፣ ከመርካቶ ዳር እስከ ቄራ፣ ፎቅ ላይ በተከራዩት ክፍል፣ በቆርቆሮ ቤት ወይም በሸራ ሥር መቶ የማይሞሉ ሰዎች በየእሁዱ ተሰብስበው ያመልካሉ። የሚያመልኩበት መንገድ አብዛኛው ከገጠር የመጣ ነው። ዋና ጠባዩ ደግሞ ተመልካች ሆኖ መቀመጥ አለመቻሉ ነው። ሰው ስለሚያንስ የመጣው ሁሉ ሥራ አለው።

ከገጠር የመጣ ነው ሲባል በግምት አይደለም። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 18.6 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። በያኔው የደቡብ ክልል ቁጥሩ ከ55 በመቶ ያልፋል። አዲስ አበባ ላይ ግን 8 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መሃል ከተማ ትንሽ አጥቢያ ገብታችሁ ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው አገሩን ብትጠይቁት ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ ዱራሜ ወይም ወለጋ ቢላችሁ አይድነቃችሁ።

ታሪኩም ያው ነው። ስዊድናዊው ሚስዮናዊ ካርል ሴደርክቪስት አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1904 ቢሆንም እንቅስቃሴው ሕዝባዊ የሆነው ገጠር ነው። ወላይታን ውሰዱ። ኤስ አይ ኤም የሚባለው ሚስዮን እዚያ ሥራ የጀመረው በ1920 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ሚስዮናውያኑ ወጡ፤ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ሰዎች 48 ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኙት አማኝ ብዙውን ጊዜ በሚጠቀሰው ቁጥር 10 ሺህ ገደማ ነው። እነዚህን ሰዎች የሰበሰቧቸው ገበሬ ወንጌላውያን እንጂ በሴሚናሪ የሠለጠኑ ቄሶች አልነበሩም። የዛሬው የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አንዱ ትልቅ ሥር ይኸው ነው።

ከተማው ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረበት፤ መደበቅን። ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ሲዘጋ ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው ማምለክ ጀመሩ። መዝሙር በሹክሹክታ፣ ጭብጨባ ክልክል። ከዚያ ቀደም ብሎ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ኡራኤል ካለው አጥቢያ አገልግሎት ጨርሰው ሲወጡ ታፈኑ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። መሠረተ ክርስቶስ ሲዘጋ 5 ሺህ ገደማ የነበሩት አባላት ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ብቅ አሉ። ትንሽ ሆኖ መሰብሰብ እንደ ድህነት የማይታየው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። የሳምንቱ አጋማሽ የቤት ኅብረትም እስከ ዛሬ በየአጥቢያው አለ።

ገጠር ያለውን እሁድ ላላየ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቤቱ ባሕር ዛፍና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሰው ከሩቅ በእግሩ ይመጣል። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል፣ ልጆች ፊት ለፊት መሬት ላይ ይቀመጣሉ። መዝሙሩ በአካባቢው ቋንቋና ዜማ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ጥሬ ገንዘብ ስለሚያጥር አሥራትና ስጦታ በዓይነት ይመጣል፦ በቆሎ፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዶሮ። ከቡራኬ በኋላ ውጭ ጨረታ ይከፈታል። አንድ ሽማግሌ ዶሮዋን በእግሯ አንጠልጥሎ «መቶ! መቶ ሃምሳ ያለ!» ይላል፤ አሸናፊው ብሩን ከፍሎ «መልሼ ለጌታ ሰጥቻለሁ» ካለ ዶሮዋ እንደገና ትሸጣለች። ለወንጌላዊው ደመወዝ ለመክፈል ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም፤ ዶሮዋን ግን ማንም አላማከራትም።

መሃል አዲስ አበባ ላይ ዶሮዋ ቀርታ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የቴሌብር ቁጥር ተተክቷል። የሕንፃ ማሠሪያ ሲጠየቅ ግን ጨረታው ይመለሳል፤ በዶሮዋ ፈንታ ግድግዳ ሰዓት ወይም ፍሬም ውስጥ የገባ ጥቅስ ይቀርባል።

የፕሮግራሙ ቅደም ተከተል ከአጥቢያ አጥቢያ ብዙ አይለይም። ጥቂት ሰዎች ቀድመው መጥተው ይጸልያሉ። ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል ይባላል፤ ሦስት ተኩል ይሆናል። ጸሎት፣ ረዘም ያለ ዝማሬ፣ ኳየር፣ ምስክርነት፣ ስጦታ፣ ማስታወቂያ፣ ስብከት፣ ለታመሙ ጸሎት፣ ቡራኬ። ስድስት ሰዓት ገደማ ያልቃል። «አዲስ የመጣችሁ ብድግ በሉ» ሲባል የሚነሳው ሰው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ይጠፋል፤ እዚህ ግን ስሙን፣ የመጣበትን አጥቢያና የሚኖርበትን ሰፈር ሳይናገር አይቀመጥም። ከሆሳዕና መጥቶ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ የሚሠራ ልጅ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ እሁድ ጠዋት ብቻ የምትፈታ ልጅ፣ ከዚህ በኋላ ብቻቸውን አይደሉም። ቢያንስ ሥራና ማደሪያ የሚጠይቁት ሰው አገኙ።

ሥራው እንዴት እንደሚከፋፈል ደግሞ ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ጠዋት ወንበር የደረደረው ነው። ስጦታ ሲሰበሰብ ከረጢቱን የምታዞረው እህት ስብከቱ ሲጀመር ወደ ልጆቹ ትሮጣለች፤ የልጆቹ ክፍል ከመጋረጃ ጀርባ ስለሆነ ሰባኪው ስለ ሮሜ 8 ሲያብራራ «ዳዊት ስንት ድንጋይ ያዘ?» «አምስት!» የሚል ጩኸት መሃል ይገባል። ማንም አይቆጣም። መብራት ከሄደ ኪቦርዱ ዝም ይላል፣ በጭብጨባና በእልልታ ይቀጠላል፤ እንዲያውም የሚያምረው ያኔ ነው። ድምፅ ማጉያው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። አርባ ሰው ለሚይዝ ክፍል ያን ያህል ስፒከር ምን ያደርጋል? ጎረቤትም እየከሰሰ ነው፣ የከተማው የድምፅ ብክለት ቁጥጥርም አለ።

ማስታወቂያው ሌላ ጉድ ነው። አንዳንዴ ከስብከቱ ይረዝማል። ግን ዕድሩም፣ ዜናውም፣ ማኅበራዊ ዋስትናውም እሱ ነው፦ ማን ወለደች፣ ማን ሆስፒታል ገባ፣ የማን አባት አገር ቤት አረፉ፣ ለትራንስፖርት እናዋጣ። የሚጋቡ ካሉም ስማቸው ለተከታታይ ሳምንታት ይነበባል፤ ጋብቻውን የሚያግድ ነገር የሚያውቅ ለሽማግሌዎች ይናገር ይባላል። ሁሉም ዞር ዞር ብሎ ያያል።

ቤተ እምነቶቹ የሚለያዩባቸው ነገሮችም አሉ። መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ያጠምቃል፣ አገልጋዩን ቄስ ይላል፣ የተጻፈ የአምልኮ ሥርዓትም አለው። ቃለ ሕይወትና ሙሉ ወንጌል የሚያጠምቁት አምኖ የመጣውን ነው፤ አገልጋዩም መጋቢ ወይም ፓስተር ይባላል። የጌታ እራት በብዙ ቦታ በወር አንዴ ነው። ሙሉ ወንጌል ላይ በልሳን መጸለይ የተለመደ ሆኖ ቆይቷል፤ ዛሬ ግን መዝሙሩም የጸሎቱም አኳኋን በጣም ተቀራርቧል፤ ዓይኑን የተሸፈነ ሰው የትኛው ቤት እንዳለ መለየቱን እንጃ።

የመሃል ከተማው ትልቅ ራስ ምታት ቦታ ነው። ወንጌላውያን በአዋጅ የራሳቸው ካውንስል ያገኙት በ2012 ነው፤ ያ ግን ኪራይ አይከፍልም። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ዳር ሄዷል፤ ኮንዶሚኒየም የደረሳቸውም ቀድመው አያትና ጀሞ ገብተዋል። ብዙዎቹ እሁድ እሁድ ወደ ቀድሞ አጥቢያቸው ይመለሳሉ። ለአያት ሰው ቀላል ባቡሩ ስላለ እስከ ልደታ ይቀናዋል፣ ለሌላው ሁለት ታክሲ ነው። አንዱን አዳራሽ ሁለት አጥቢያ የሚጋራበት ጊዜም አለ፤ ጠዋት በአማርኛ፣ ከሰዓት በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ ቋንቋ። የከሰዓቱ ሰዎች ስምንት ሰዓት ላይ በር ላይ መቆም ስለሚጀምሩ፣ ስብከቱን ማሳጠር ያልቻለ እንግዳ ሰባኪ እንኳ ያኔ አሜን ይላል።