ለአኳሪየም የተዘጋጀ እንጨት ምንድን ነው?

«ቀቅዬዋለሁ፤ ስለዚህ ተዘጋጅቷል።» ይህን አኳሪየም (የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ገንዳ) ውስጥ ለጌጥ እንጨት ከሚያስገቡ የዓሣ ወዳጆች ስንት ጊዜ ሰማሁ! ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ከሐይቅ ዳር እንጨት ላነሳ ጀማሪ «የፈላ ውሃ የማያጠፋው መርዝ የለም፤ ስለ ዛፉ ዓይነት አትጨነቅ» ብሎ ሲመክር አየሁ። ስህተት ነው። ያውም ዓሣ የሚገድል ስህተት። ሙያዬ እንጨት ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የተዘጋጀ እንጨት ማለት ጉዳት ከሌለው ዛፍ የተገኘ፣ ከንጹሕ ቦታ የተነሳ፣ እስከ ውስጡ የደረቀና ያልበሰበሰ እንጨት ነው። ይህ ካልተሟላ ድስቱ ምንም አይፈይድም።

ላምባ የነበረበትን ጀሪካን አስቡ። በፈላ ውሃ እጠቡት፣ በአሸዋ ፈትጉት። የመጠጥ ውሃ ትቀዱበታላችሁ? አትቀዱም። ውጪው ላይ የተለጠፈው ጭቃ ወዲያው ይለቃል። ላምባው ግን ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ገብቷል፤ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይመለሳል። እንጨት ደግሞ አንድ ጀሪካን አይደለም። በማጉያ ብታዩት እርስ በርስ የተጣበቁ፣ ለቁጥር የሚያታክቱ ጥቃቅን ጀሪካኖች ናቸው። ዛፉ በሕይወት ሳለ ምን ሞላባቸው? ከወደቀ በኋላስ ምን ገባባቸው? መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። በምን ታጠበ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መቀቀል ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ላዩ ላይ ያሉትን ነፍሳትና እንቁላሎቻቸውን ይገድላል። ቡናማውን ቀለም ቶሎ ያስለቅቃል። እንጨቱ እንዲሰምጥም ያግዛል። እንጨት የተሠራበት ነገር ራሱ ከውሃ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል። የሚያንሳፍፈው በነዚያ ጀሪካኖች ውስጥ የታሰረው አየር ነው። ሲፈላ አየሩ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በቦታው ውሃ ይገባል። ስለዚህ እሳቱን እንዳጠፋችሁ አታውጡት፤ እዚያው ውሃ ውስጥ ይቀዝቅዝ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ለላዩ ይበቃል። የወፍራም ግንድ መሃል ግን እስኪሞቅ ብዙ ይቆያል። ድስት የማይችለው ከሆነ ድንጋይ ጭናችሁ በርሜል ውስጥ ለሳምንታት ዘፍዝፉት፤ ውሃውን እየቀያየራችሁ።

አሁን ወደ ዛፉ። ብርብራን የማያውቅ ካለ ይወቅ። በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የብርብራ ዘር እየተወቀጠ ወንዝ ላይ ይበተናል፤ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ዘሩ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለው። ሮቴኖን የዓሣው ሴሎች ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያደርጋል። ውሃው በኦክስጅን ቢሞላ እንኳ ዓሣው ይታፈናል። መርዙ በዋናነት የሚታወቀው ዘሩ ላይ ነው፤ ቢሆንም ግንዱን በራሴ ዓሦች ላይ የምሞክርበት ምክንያት የለኝም። ይህ ዛፍ የቡና ጥላ ሆኖ በብዙ ቦታ ይገኛል። ቅርንጫፉ ወንዝ ውስጥ ወድቆ፣ ቅርፊቱ ተልጦ፣ አምሮ ብታገኙት በምን ታውቁታላችሁ? ቅርፊት የሌለውን እንጨት መለየት ለባለሙያም ከባድ ነው።

ስለዚህ ብዙዎችን የሚያስገርም ምክር ልስጥ። ጎረቤታችሁ ግቢ ዘይቱን ካለ፣ መድኃኒት ካልተረጨ፣ ከሱ ላይ የደረቀው ቅርንጫፍ ከሐይቅ ዳር ከተገኘው ቆንጆ እንጨት ይሻላል። ዛፉን ታውቁታላችሁ፤ ታሪኩንም ታውቃላችሁ። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ኦክ ወይም ቢች የተባሉትን ዛፎች ታገኛላችሁ።

ወተት የሚያወጣ ዛፍ አይነካም። ቁልቋልና ቅንጭብ ወተታቸው ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ያልታወቀ እንጨትም በምግብ ድስት፣ በተዘጋ ኩሽና አይቀቀልም። ጥድን ምስጥ ስለማይደፍረው አጥር እንሠራበታለን። የሚጠብቀው ውስጡ ያለው ዘይት ነው፤ ያ ዘይት አኳሪየም ውስጥ አይፈለግም። ባህር ዛፍ አከራካሪ ነው። ዘይቱ በብዛት ያለው ቅጠሉ ላይ ነው፤ ለዓመታት ፀሐይና ዝናብ የመታው ግንድ ከትኩሱ ይለያል። እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም።

ከዛፉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከወደቀ በኋላ የገባበት ነገር ነው። ምሰሶና አጥር ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ደግሞ ክሪዮሶት በሚባል ቅጥራን መሰል ፈሳሽ ወይም መዳብና አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት ይነከራል። መዳብ በጥቂቱም ቢሆን ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይፈጃል። ይህን ስትቀቅሉት አይጠፋም። ዝዋይ ዙሪያ የአበባና የአትክልት እርሻ በዝቷል፤ ከእርሻ ቦይ አጠገብ እንጨት አታንሱ። አብያታና ሻላ ሐይቆች ውሃቸው ሶዳ የሚባል ጨው የበዛበት ነው። እዚያ የሰነበተ እንጨት ሶዳውን ጠጥቶ የአኳሪየሙን ፒኤች (የውሃ አሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ ውሃው ይበልጥ አሲዳማ ነው) ከፍ ያደርጋል። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነም ከዚያ ምንም ማንሳት አይገባም።

ያልተጠየቅኩትን ልጨምር። እንጨት ፍለጋ ብላችሁ ሐይቅ ውስጥ አትግቡ። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ጥልቀት የሌለውን ዳር ይወዳሉ። ከደረቁ ዳርቻ ላይ አንሱ። ውሃ ውስጥ የተጋደመውን ተዉት፤ የትናንሽ ዓሦች መሸሸጊያ ነው።

እርጥብ እንጨት ሌላው ችግር ነው። ጭማቂው ስኳር አለው። ባክቴሪያ ይረባበትና ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ቅርፊቱንና ልጡን ላጡ፣ ለወራት ጥላ ሥር አድርቁ። በጥፍር ስትጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ በስብሷል፤ ለማገዶ ይሁን። ሳሙናና በረኪና አያስፈልግም። ጀሪካኖቹ ይጠጡታል።

ቡናማ ውሃ አይታችሁ «መርዝ ለቀቀ» አትበሉ። ታኒን የሚባል ከእንጨት የሚለቅ ቡናማ ነገር ነው። ውሃው ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድን ያነሰው ከሆነ ፒኤቹን በትንሹ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ዓሣ አይጎዳም። ያልወደደው ሰው ውሃውን ይቀያይር፤ ወይም ፊልተሩ ውስጥ አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለውን ቀለም የሚስብ ልዩ ከሰል ይጨምር። የማገዶ ከሰል አይተካውም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንጨቱ ላይ ነጭ ልጋግ መሳይ ነገር ቢወጣም አትደንግጡ፤ በብሩሽ ይነሳል፣ ቀንድ አውጣም ይበላዋል። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ፣ ወይም ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ግን ጊዜ አታጥፉ። እንጨቱን አውጡ፣ ግማሹን ውሃ ቀይሩ፣ የአየር ፓምፑን ክፈቱ።