አሜሪካን ማን ሸነሸናት? ስለ ስቴቶች በተለምዶ የምንላቸው ስህተቶች

አክስቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል አንድ ጥያቄ አይቀርም። «አንተ ልጅ፣ አንዴ ሜሪላንድ፣ አንዴ ቨርጂኒያ፣ አንዴ ዲሲ ትለኛለህ። በቀን ስንት አገር ነው የምትዞረው?» እውነቷን ነው። ቤቴ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሥራዬ ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ቅዳሜ ክትፎ የምበላው ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ነው። ሦስቱም ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ሕጋቸው ግን ለየቅል። ይህን ለማስረዳት ስሞክር እየተደጋገሙ የሚመጡ የተሳሳቱ ሐሳቦች አሉ። እዚሁ አሜሪካ ዓመታት ያስቆጠሩ ሰዎችም ሲሏቸው ሰምቻለሁ። (ስለ አሜሪካ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«አንድ አገር ነበረች፤ ለአስተዳደር እንዲመች 50 ቦታ ቆራረጧት»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ስቴቶቹ ከአገሪቱ ይቀድማሉ። በእንግሊዝ ሥር የነበሩት 13 ቅኝ ግዛቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምክር ቤትና የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ዕድሜያቸው እንኳ አይገናኝም። የመጀመሪያዋ ቨርጂኒያ በ1607 ስትቆረቆር፣ የመጨረሻዋ ጆርጂያ የመጣችው ከ120 ዓመት በላይ ቆይታ ነው። በ1776 ነፃነታቸውን ሲያውጁም «ነፃ ስቴቶች ነን» አሉ እንጂ «አንድ አገር ነን» አላሉም።

መጀመሪያ የተስማሙበት ማኅበር ደካማ ነበር። ማዕከላዊው መንግሥት ግብር የመጣል ሥልጣን ስላልነበረው ገንዘብ ሲያስፈልገው ስቴቶቹን ይለምናል። የሰጠ ሰጠ፣ ያልሰጠም ማንም አያስገድደውም። በዚህ መቀጠል ስላልተቻለ በ1787 ፊላደልፊያ ተሰብስበው አሁን ያለውን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ትንንሾቹ ስቴቶች ትልልቆቹ እንዳይውጧቸው ፈርተው ስለነበር አንድ ስምምነት ተደረገ፤ ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ እያንዳንዱ ስቴት ሁለት ሁለት ሴናተር ይኑረው ተባለ። ዛሬ ወደ 39 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ካሊፎርኒያና 600 ሺህ እንኳ የማይሞላ ሕዝብ ያላት ዋዮሚንግ በሴኔት እኩል የሆኑት በዚያ ድርድር ነው። ሮድ አይላንድ ግን ስብሰባው ላይም ተወካይ አልላከችም። ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀችው በ1790 ነው፤ ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ከሆነ ከዓመት በኋላ!

በእርግጥ ይህ የ13ቱ ታሪክ ነው። ከቀሩት 37 ብዙዎቹን ያበጀው ኮንግረስ፣ ማለትም የፌዴራሉ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ነው፤ ስለዚህ «ቆራረጧት» የሚለው እዚህ ላይ ትንሽ ያስኬዳል። ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ምዕራብ ላለው መሬት በ1787 በወጣው ሕግ፣ አንድ አካባቢ 60 ሺህ ነፃ ነዋሪ ሲኖረው ስቴት ልሁን ብሎ መጠየቅ ይችላል። በ1803 ደግሞ ከፈረንሳይ በ15 ሚሊዮን ዶላር ሰፊ መሬት ተገዛ። ለዘመናት የኖሩበትን ነባር ሕዝቦች የጠየቃቸው አልነበረም። ከወጉ የወጡም አሉ። ቴክሳስ በ1845 የገባችው ራሷን የቻለች አገር ሆና ቆይታ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ በ1863፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መሀል፣ ከቨርጂኒያ ተለይታ ወጣች።

«እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ብሔረሰብ አለው»

ይህ ከእኛው አገር ይዘነው የመጣነው ግምት ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን ክልሎች የሚዋቀሩት በሕዝብ አሰፋፈር፣ ቋንቋ፣ ማንነትና ፈቃድ ላይ ተመሥርተው ነው ይላል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ መስፈርት የለም። ካርታው ላይ ኮሎራዶንና ዋዮሚንግን ተመልከቱ፤ በማስመሪያ የተሰመሩ ሣጥኖች ይመስላሉ። የሜሪላንድና የፔንሲልቬንያ ድንበር ደግሞ የሁለት ባለርስት ቤተሰቦች ጠብ ውጤት ነው። ሜሰንና ዲክሰን የሚባሉ እንግሊዛውያን ቀያሾች መጥተው ከ1763 እስከ 1767 ለክተው ገላገሏቸው።

«የስቴቱን አገረ ገዥ የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው»

አይደለም። የሚመርጠው የስቴቱ ነዋሪ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ቢጠላውም ሊያባርረው አይችልም። በ1791 የጸደቀው አሥረኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለፌዴራል መንግሥት ያልተሰጠ ሥልጣን የስቴቶቹ ወይም የሕዝቡ ነው ይላል። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ትምህርት ቤት፣ አብዛኛው የወንጀል ጉዳይ ሁሉ የስቴት ነው። ሰው በስቴት ሕግ ከተፈረደበት የፕሬዚዳንቱ ምሕረት አያድነውም።

ልዩነቱ ኪስ ውስጥም ይገባል። በ2025 መጀመሪያ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በቨርጂኒያ 12.41 ዶላር፣ በሜሪላንድ 15፣ በዲሲ 17.50 ነበር። የፌዴራሉ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ላይ ቆሟል። ያኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ሮዝሊን ፓርኪንግ የሚሠራ ልጅ ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ ዲሲ ውስጥ ጆርጅታውን ቢቀጠር፣ ለዚያው ሥራ ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት ከአምስት ዶላር በላይ ይጨመርለት ነበር።

«ስቴት ሲከፋው መገንጠል ይችላል»

ምርጫ በመጣ ቁጥር ስለ ቴክሳስ ይወራል። አስራ አንድ ስቴቶች ሞክረውት ከ1861 እስከ 1865 ደም ፈሰሰ። በ1869 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ያውም በቴክሳስ ጉዳይ፣ ስቴት በራሱ ውሳኔ መውጣት አይችልም ብሎ ፈረደ። እኛ ጋ አንቀጽ 39 የመገንጠልን መብት በግልጽ ጽፎታል። የአሜሪካው ሕገ መንግሥት ግን ስለ ነገሩ ትንፍሽ አይልም።

«ዲሲም ስቴት ናት»

አይደለችም። ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ በተሰጠ መሬት ላይ የተቆረቆረች የፌዴራል ከተማ ናት። የቨርጂኒያው ድርሻ በ1847 ተመልሷል። አለዚያ እኔ ቅዳሜ ክትፎ የምበላባት አሌክሳንድሪያ ዛሬም ዲሲ ትሆን ነበር። የዲሲ ነዋሪ ከዋዮሚንግ ይበልጣል፤ ሴናተር ግን የለውም። ለፕሬዚዳንት እንኳ ድምፅ መስጠት የጀመረው በ1964 ነው። ወደ ኮንግረስ የሚልከው ተወካይ ይናገራል፣ ይከራከራል፤ ሕግ ሲጸድቅ ግን ድምፅ የለውም።

ይህን ለአክስቴ ስነግራት ዝም አለችና፣ «ታዲያ ግብር ይከፍላሉ?» አለችኝ።

«ይከፍላሉ እንጂ እትዬ! ያለ ውክልና ግብር እንደሚከፍሉ መኪናቸው ታርጋ ላይ ሳይቀር ጽፈውታል።»