መሸጋገሪያ ሥራ፦ ከሥራ ርቀው የቆዩ ሰዎችን በድጋፍ የመመለስ አሠራር

መሸጋገሪያ ሥራ ማለት ለረጅም ጊዜ ሥራ ያጣ ሰው ለተወሰኑ ወራት፣ ደመወዝ እየተከፈለውና የቅርብ ክትትል እየተደረገለት የሚሠራው ጊዜያዊ ሥራ ነው። ደመወዙን በሙሉም ሆነ በከፊል የሚሸፍነው አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት ነው። አሠሪው ማዘጋጃ ቤት፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ ድርጅት ሊሆን ይችላል። ሰውየው እዚያው እንዲቀር አይታሰብም፤ የሚፈለገው ድጎማ የሌለበት መደበኛ ቅጥር እንዲያገኝ ነው። ከሥልጠና የሚለየው ሥራው የእውነት ሥራ በመሆኑ ነው፤ የተጠገነው ቤት ሰው ይኖርበታል፣ የጸዳው መናፈሻ ሰው ይዝናናበታል።

የዓለም ሥራ ድርጅት የረጅም ጊዜ ሥራ አጥ የሚለው 12 ወርና ከዚያ በላይ ሥራ ሲፈልግ የቆየን ሰው ነው። አሜሪካ ግን ከ27 ሳምንት ጀምራ ትቆጥራለች።

የጊዜው ርዝመት ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ ካሳዩት ጥናቶች ቀዳሚው የተካሄደው ከቪየና ወጣ ብላ በምትገኘው ማሪየንታል ነው። የመንደሯ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዘግቶ ነዋሪው ከሞላ ጎደል ሥራ ፈትቶ ነበር። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድ፣ ሃንስ ዛይዘልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ ኑሮውን በቅርበት ተከታተሉ። ሰዓት ይዘው የመንገደኛውን እርምጃ ሳይቀር ለኩ። ወንዶቹ ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ ደጋግመውም ይቆማሉ፤ የቤት ሥራ የሚጠብቃቸው ሴቶች ግን ፈጠን ይላሉ። ይበልጥ የሚገርመው የቤተ መጻሕፍቱ ነገር ነው። የመዋሻ ክፍያው ቀርቶ፣ የሰው ጊዜም ተትረፍርፎ፣ የሚዋሰው መጽሐፍ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ሥራ ሲጠፋ የቀኑ ቅርጽም አብሮ እንደሚጠፋ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

መንግሥት ለሥራ አጦች ሥራ መፍጠሩ በራሱ አዲስ አይደለም። በ1848 ፓሪስ የተከፈቱት ብሔራዊ ወርክሾፖች ከ100,000 በላይ ሰዎች መዝግበው ነበር፤ መዘጋታቸውም የሰኔውን አመፅ ቀስቅሷል። አሜሪካም ከ1935 እስከ 1943 ባካሄደችው የሕዝብ ሥራ ፕሮግራም 8.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ሠርተዋል። እነዚህ ግን የጅምላ ሥራ አጥነት መመከቻ ነበሩ እንጂ፣ አንድን ሰው ደግፈው ወደ ቋሚ ቅጥር ለማሻገር የታሰቡ አልነበሩም።

የዛሬው አሠራር መልኩን የያዘው በኒው ዮርክ ነው። በ1972 ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የወጡ ሰዎችን በቡድን የሚያሠራ ዋይልድካት የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። በ1975 የፎርድ ፋውንዴሽንና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሐሳቡን በሌሎች ከተሞችም ለመሞከር ገንዘብ መደቡ። ሥራው ከ12 እስከ 18 ወር የሚቆይ ሲሆን በሦስት ነገሮች ላይ ቆሟል፦ የእኩዮች ድጋፍ፣ የቅርብ ቁጥጥር፣ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ጫና። ሦስተኛው በተግባር እንዲህ ነው። አዲስ የገባው ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢያረፍድ ፎርማኑ ጠርቶ ያናግረዋል፤ የትራንስፖርት ችግር ከሆነ አብረው መላ ይፈልጋሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ማርፈድ ደመወዝ ያስቆርጣል፣ የሚጠበቅበት የሥራ መጠንም ከፍ ይላል። ወደ መጨረሻው በሌላ ድርጅት ማንም ሠራተኛ በሚመዘንበት ሚዛን ይመዘናል። አንድን ሰው መቼ መታገሥ፣ መቼ መቆጣት እንደሚገባ የሚያውቅ ፎርማን የዚህ ሙያ ምሰሶ ነው፤ በጀት ሲዘጋጅ ግን መጀመሪያ የሚረሳው እሱ ነው።

ሙከራው በዕጣ የተመደቡ ከ6,000 በላይ ሰዎችን ያነጻጸረ በመሆኑ ውጤቱን ማድበስበስ አይቻልም። ለዓመታት በመንግሥት ድጎማ የኖሩ እናቶች በግልጽ ተጠቅመዋል፣ ከሱስ የወጡትም በመጠኑ። ትምህርት ላቋረጡ ወጣቶች ግን ዘላቂ ለውጥ አላመጣም፤ ከእስር ለተፈቱትም ያስገኘው ጥቅም እምብዛም ነው።

በብሪታንያ ሐሳቡን ያስፋፋችው ግላስጎው ናት። እዚያ ከ1983 ጀምሮ የዋይዝ ግሩፕ ሠራተኞች የድሆችን ቤት ከብርድ የሚከላከል ሥራ ሠርተዋል፤ አንዱ ደመወዝ ሁለት ችግር ያቃልል ነበር። ጥቅምት 2009 የተጀመረው የወደፊት ሥራዎች ፈንድ ደግሞ በአብዛኛው ከ18 እስከ 24 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች ከ100,000 በላይ የስድስት ወር ሥራዎች ፈጠረ። ለእያንዳንዱ ሥራ የተመደበው ጣሪያ 6,500 ፓውንድ ነበር። አዲሱ መንግሥት በ2010 ውድ ነው ብሎ እንዲቋረጥ ወሰነ። በ2012 የወጣው የመንግሥት የራሱ ግምገማ ግን ኅብረተሰቡ በእያንዳንዱ ተሳታፊ 7,750 ፓውንድ ገደማ የተጣራ ጥቅም እንዳገኘ አሳየ። ጥናቱ ሲደርስ ፕሮግራሙ የለም።

ፈረንሳይ በ2016 ሕግ በአሥር አካባቢዎች ለረጅም ጊዜ ሥራ ላጡ ሰዎች ሥራ የመፍጠር ሙከራ ጀምራለች። ጀርመን ከ2019 ጀምሮ፣ ካለፉት ሰባት ዓመታት ቢያንስ ስድስቱን በድጎማ ለኖረ ሰው እስከ አምስት ዓመት ደመወዝ ትደጉማለች፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሙሉውን፣ ከዚያ በየዓመቱ አሥር በመቶ እየቀነሰች።

በአሠራሩ ላይ የሚነሱት ወቀሳዎች ቀላል አይደሉም። ዋናው፣ ጊዜያዊ ሥራ የያዘ ሰው ቋሚ ሥራ መፈለጉን ይተዋል የሚለው ነው፤ ይህ በብዙ አገር ታይቷል። ከ200 በላይ ጥናቶችን ያገናዘቡት ዴቪድ ካርድና ባልደረቦቹም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚፈጠር ሥራ ብቻውን ውጤቱ ደካማ መሆኑን ጽፈዋል። እዚህ ላይ ግን ክትትል ያለውና የሌለው ሥራ ተደባልቆ እንደሚቆጠር ማስታወስ ይገባል። የመደበኛ ሠራተኞችን እንጀራ ይሻማል የሚለው ወቀሳ ምናልባት በአንዳንድ ቦታ እውነትነት ይኖረው ይሆናል።

ጥቅምት 2020 የታችኛው ኦስትሪያ የሥራ ስምሪት አገልግሎት ማሪየንታል በምትገኝበት ግራማትኖይዚድል ወረዳ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ላጡ ነዋሪዎች ሁሉ ሥራ የሚያቀርብ ሙከራ ጀመረ። መግባት በፈቃደኝነት ነበር። ተሳታፊዎቹ መጀመሪያ ሁለት ወር ያህል የዝግጅት ኮርስ ወሰዱ፣ ከዚያ አንዳንዶቹ በድጎማ በድርጅቶች ተቀጠሩ፣ ሌሎቹ በተፈጠረላቸው ሥራ ላይ ተሰማሩ። ማክሲሚሊያን ካሲና ሉካስ ሌነር ባካሄዱት ግምገማ ገቢያቸው፣ ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነትና የቀን ውሏቸው ሥርዓት ተሻሽሎ ተገኝቷል። በአካላዊ ጤንነታቸው ላይ ግን ለውጥ አልታየም።