ፍሪ ኤጀንት ምንድን ነው? ስድስት ዓመት የሚቆጥረው ሰዓት

ኦገስት 2 ቀን 2022 ማታ ከሥራ ስገባ ልጄ 22 ቁጥር ማልያውን አውልቆ ሶፋው ላይ ጥሎታል። እራቱን አልነካም። "ሶቶ ጥሎን ሄደ" አለኝ። "ምን አደረግነው?"

በዚያ ቀን የከተማችን የቤዝቦል ክለብ ዋሽንግተን ናሽናልስ ኮከቡን ሁዋን ሶቶን ለሌላ ክለብ፣ ለሳንዲያጎ ፓድሬስ ሰጥቶ በምትኩ ወጣት ተጫዋቾችን ወስዷል። ሶቶን "ትሄዳለህ ወይ?" ብሎ የጠየቀው የለም። ይሄን ለአሥር ዓመት ልጅ ለማስረዳት ስሞክር መጀመሪያ አንድ ቃል ማስረዳት እንዳለብኝ ገባኝ። ፍሪ ኤጀንት። ይህ ቃል በደንብ ካልገባን ክለቦች ውድድር በሌለበት በብርዱ ወራት የሚሠሩት ሁሉ ይምታታብናል።

ፍሪ ኤጀንት ማለት ከማንም ክለብ ጋር ያልታሰረ፣ ለፈለገው ክለብ መፈረም የሚችል ተጫዋች ነው። እኛ ያደግነው በእግር ኳስ ነውና "ውሉ ያለቀ ተጫዋች ማለት ነው" ብለን ቶሎ እናልፈዋለን። ቤዝቦል ውስጥ ግን የውል ማለቅ ብቻውን አይበቃም። ተጫዋቹ በሜጀር ሊግ፣ በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ፣ ስድስት ዓመት መሙላት አለበት። እስከዚያ ድረስ ክለቡ ካልለቀቀው በቀር በራሱ ምርጫ የትም አይሄድም።

ቆጠራው በቀን ነው። ተጫዋቹ ሜጀር ሊግ ከገባበት ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ቀን ይቆጠርለታል፤ 172 ቀን ሲሞላ አንድ ዓመት ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ክለቡ የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛውን ደመወዝ ወይም ለዚያ የቀረበውን ነው። በ2025 ዝቅተኛው 760,000 ዶላር ነበር። ለእኔና ለእርስዎ ብዙ ብር ነው። ግን እዚያ ለመድረስ ስንት ዓመት በማይነር ሊግ (ከሜጀር ሊግ በታች ባሉት ሊጎች) በአውቶቡስ እየተንከራተቱ እንደሚጫወቱ፣ ስንቶቹም ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚወጡ ማሰብ ያስፈልጋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ግልግል የሚባለው ይመጣል። ተጫዋቹና ክለቡ በደመወዝ ካልተስማሙ ሁለቱም የየራሳቸውን ቁጥር ያቀርባሉ፤ ገላጋዮቹ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ። መሃል ላይ ማስታረቅ የለም። ደመወዙ ይጨምራል፤ ተጫዋቹ ግን አሁንም የክለቡ ነው። ስድስተኛው ዓመት ሞልቶ፣ ያለው ውልም አልቆ፣ ወርልድ ሲሪስ (የዓመቱ የዋንጫ ፍልሚያ) ሲጠናቀቅ በሩ ይከፈታል።

አንዲት ቀን ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ለማየት የቺካጎ ከብሱን ክሪስ ብራያንት ማስታወስ ይበቃል። በ2015 የልምምድ ጨዋታዎች ላይ ኳሱን ሲያጋየው ከርሞ ክለቡ ወደ ማይነር ሊግ መለሰው። ውድድሩ ተጀምሮ ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ኤፕሪል 17 አስጠራው። ዓመቱ ሲያልቅ የተቆጠረለት 171 ቀን ሆነ። አንድ ቀን ጎደለች፤ በዚያች አንድ ቀን ክለቡ ተጨማሪ ሙሉ ዓመት አገኘ። ብራያንት አቤት አለ፤ ክርክሩ እስከ 2020 ተጎትቶ ተፈረደበት። ደንቡን አልጣሱም። እኔ ግን ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያናድደኛል።

ድሮ ይሄም አልነበረም። እስከ 1975 ድረስ ተጫዋች በውሉ ውስጥ ባለች አንቀጽ ዕድሜ ልኩን ለክለቡ የታሰረ ነበር። ክለቡ ሊሸጠው፣ ሊለውጠው ይችላል፤ እሱ ግን መምረጥ አይችልም። በ1969 ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ከርት ፍለድን ለፊላደልፊያ አሳልፎ ሲሰጠው ፍለድ አልሄድም አለ። ካርዲናልስ ሁለት ጊዜ ዋንጫ ሲበላ አብሮ የነበረ፣ ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን ጎልድ ግለቭ ሰባት ጊዜ የተሸለመ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በገና ዋዜማ ለሊጉ ኮሚሽነር ደብዳቤ ጻፈ፤ ፈቃዴ ሳይጠየቅ የምሸጥና የምገዛ ንብረት አይደለሁም አለ። ከዚያም ከሰሰ። የ1970ን ውድድር ሙሉ በሙሉ ሳይጫወት አሳለፈ። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 3 በሆነ ድምፅ ፈረደበት።

ለዋሽንግተን ሰው የፍለድ ታሪክ ቅርብ ነው። በ1971 ለዚህ ከተማ የያኔው ክለብ ለሴናተርስ ፈርሞ ሊመለስ ሞክሮ ነበር። 13 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ተወው፤ በዚያው አገሩን ጥሎ ሄደ። ያን ጊዜ የሴናተርስ ሜዳ አርኤፍኬ ስታዲየም ነበር፤ ናሽናልስም በ2005 ከሞንትሪያል ሲመጣ የመጀመሪያ ሦስት ዓመታቱን የተጫወተው እዚያው ነው። እዚያ ሜዳ ሄጄ በተቀመጥኩባቸው ቀናት ስለዚህ ሰው የማውቀው ነገር አልነበረም። አሁን ይቆጨኛል።

ፍለድ የጀመረውን ሌሎች ፈጸሙት። ዲሴምበር 23 ቀን 1975 ፒተር ሳይትዝ የተባለ ገላጋይ ለአንዲ ሜሰርስሚዝና ለዴቭ ማክናሊ ፈረደላቸው። አዲስ ውል ሳይፈርሙ አንድ ዓመት ስለተጫወቱ ነፃ ናቸው አለ። የክለብ ባለቤቶች ሳይትዝን ወዲያው አባረሩት፤ ውሳኔው ግን ጸና። ማክናሊ በወቅቱ የታሰረው ለሞንትሪያል ኤክስፖስ ነበር፤ የዛሬው ናሽናልስ ማለት ነው። ስድስቱ ዓመት ከዚያ በኋላ ባለቤቶቹና የተጫዋቾቹ ማኅበር ተደራድረው የተስማሙበት ቁጥር ነው። የአውሮፓ እግር ኳስ ውሉ ያለቀ ተጫዋች በነፃ እንዲሄድ የፈቀደውን የቦስማንን ውሳኔ ያየው በ1995፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ወደ እኛ ክለብ ልመለስ። ብራይስ ሃርፐር በ2012 በ19 ዓመቱ ገባ፤ በ2018 መጨረሻ ላይ ስድስቱን ጨረሰ። ብርዱን ሙሉ ወሬ ስንሰማ ከረምን። አሜሪካኖች ይህን ወቅት ሆት ስቶቭ ይሉታል፤ ምድጃ ከበው ስለ ቤዝቦል የሚያወሩበት ጊዜ ነውና። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ለፊላደልፊያ 13 ዓመት በ330 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ኤፕሪል 2 ቀን 2019 ተመልሶ ሲመጣ ዝናብ ነበር፤ እኔም ነበርኩ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ የሃርፐር ማልያ ለብሶ ስሙ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎበታል። ስቴዲየሙ በሙሉ "ቡ!" ይላል፤ እኔም አብሬ ጮህኩ። የእኛ ወርዋሪ ማክስ ሸርዘር ሁለት ጊዜ አከታትሎ ስትራይክ አውት ሲያደርገው (ኳሱን ሳይመታ ሲያስወጣው) የነበረው ጩኸት አይረሳኝም። በስምንተኛው ኢኒንግ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች አንዱ) ግን ሃርፐር ሆም ረን መታ፤ ኳሱን ከአጥሩ ውጭ ሰደደው። 8 ለ 2 ተሸነፍን።

ዛሬ ቢሆን አልጮህም ነበር። ሰውየው ሰባት የውድድር ዘመን ተጫወተልን፤ የሠራውን ቆጥሮ መብቱን ተጠቀመ። እኛም ሥራ ስንቀይር የተሻለ ከሚከፍለን ጋር እንሄዳለን፤ ከሃዲ ያለን ሰው የለም።

የክለቡንም ጭንቀት እረዳለሁ። ፍሪ ኤጀንት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሲጠጋ ወይም ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ክለቡ የሚከፍለው ላለፈው ሥራ ነው ወይስ ለሚመጣው? ወርዋሪውን ፓትሪክ ኮርቢንን በስድስት ዓመት 140 ሚሊዮን ዶላር አስፈረምን፤ በ2019 የወርልድ ሲሪስ ሰባተኛ ጨዋታ ሦስት ኢኒንግ ነጥብ ሳይቆጠርበት ወርውሮ ዋንጫ አበላን። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ግን ከባድ ነበሩ። የዚያ ወርልድ ሲሪስ ኮከብ ስቲቨን ስትራስበርግ 245 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ፣ በጉዳት ምክንያት ከዚያ በኋላ ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው የወረወረው። ኮርቢን አሁንም ያዋጣል እላለሁ። ዋንጫው አለ።

ሶቶ ሌላ ነው። ናሽናልስ በ2022 የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት፤ እምቢ አለ። ነፃ ለመሆን ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ነበር የቀረው። ክለቡ ሰዓቱን አየ፤ በነፃ ከሚሄድብኝ ዋጋ እያለው ልለውጠው አለ። ከመጡት ውስጥ ሲጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎርና ጄምስ ዉድ ይገኙበታል። ሦስቱም በኋላ ለኦል ስታር፣ ለዓመቱ የምርጦች ጨዋታ፣ ተመርጠዋል። ሶቶ በ2024 መጨረሻ ነፃ ሲወጣ ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር 15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ሒሳቡን ለሠራ ሰው እምቢ ማለቱ ልክ ነበር። ለውጡም ለክለቡ መጥፎ አልነበረም። የእኔ ቅሬታ እዚያ ደረጃ ላይ ከመድረሱ በፊት ስላለው ጊዜ ነው፤ ከሶቶ ጋር ቁጥሩ ገና ሳይንር በደንብ መነጋገር የነበረባቸው ያኔ ነው።

ስለዚህ በብርዱ ወራት የዝውውር ዜና ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ስንት ዓመት እንደቀረው ነው። አንድ ዓመት የቀረው ከሆነ ክለቡ ወይ ሊለውጠው ነው፣ ወይ ዘንድሮ ዋንጫ እበላለሁ ብሏል። አምስት የቀረው ከሆነ ግንባታ ላይ ናቸው። ወጣቱን ሳይሞላለት በረጅም ውል ካስፈረሙት ደግሞ ነፃነቱን ከእጁ ላይ እየገዙት ነው፤ እሱ ዋስትና ያገኛል፣ እነሱ ዓመታት።

ልጄ አሁን 29 ቁጥር ነው የሚለብሰው፤ የጄምስ ዉድን። ዉድ ሜጀር ሊግ የገባው ጁላይ 1 ቀን 2024 ነው፤ በ2025 ደግሞ 31 ሆም ረን መታ። ባለፈው ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን መቼ ነፃ እንደሚሆን አብረን ቆጠርን። 2030 ሲያልቅ። ልጄ በጣቱ የራሱንም ዕድሜ ቆጥሮ ጨረሰና ቀና ብሎ አየኝ።

"ታዲያ ክለቡ ምን ይጠብቃል?" አለኝ። "ለምን ከአሁኑ አያናግሩትም?"