የእባብን መስታወት ስለማጽዳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያደገ ልጅ አንድ ቀን «እባብ ግዙልኝ» ሲል ብዙ ወላጅ መጀመሪያ ያማትባል። ተለምኖ ተለምኖ እሺ ያለ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው ቦል ፓይተን የሚባለው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ትንሽ ዘንዶ ነው። መርዝ የለውም፤ ሲፈራ ራሱን እንደ ኳስ ይጠቀልላል፤ በደንብ ከተያዘ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ይህ ሁሉ ዕድሜ የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። መስታወቱን የማጽዳት ሥራ ደግሞ ውሎ አድሮ ወደ እናትና አባት መዞሩ አይቀርም። እኛም የራሳችንን ቤት በምናጸዳበት ልማድ እንጀምራለን፤ እንስሳው የሚጎዳውም በዚሁ ነው።

«በረኪና በረኪና ካልሸተተ አልጸዳም»

ብዙዎቻችን ያደግነው ንጽሕና ከሽታው በሚታወቅበት ቤት ነው። ለእባብ ግን ሽታው ራሱ ችግር ነው። እኛ ጠንካራ ነገር ሲሰነፍጠን እንስላለን፣ መስኮት እንከፍታለን፣ ካስፈለገም ወጥተን እንሄዳለን። እባብ እንደ እኛ ድያፍራም የሚባለው ከሳንባ ሥር ያለ የመተንፈሻ ጡንቻ የለውም፤ ሳንባው የገባውን ነገር በሳል ጠርጎ ማውጣት አይሆንለትም። መሸሻም የለውም፤ የሚተነፍሰው የሳጥኑን አየር ብቻ ነው። በዚያ ላይ ምላሱን ባወጣ ቁጥር በአየሩ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ነገሮች ለቅሞ ላንቃው ላይ ወዳለው የማሽተቻ አካል ያደርሳል። ስለዚህ እንደ ዊንዴክስ ያሉ፣ አሞኒያ የሚገባባቸው የመስታወት ማጽጃዎችም ሆኑ ሽቶ የተጨመረባቸው የሚረጩ ፈሳሾች ከሳጥኑ ይራቁ። እባቡ አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ ወይም አፉ ላይ አረፋ ከታየ ነገ ዛሬ ሳይሉ ተሳቢ እንስሳትን ለሚያክም ሐኪም ያሳዩት።

በረኪና ጨርሶ አይነካ ማለቴ አይደለም። እባቡ ወጥቶ፣ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ፣ 1 እጅ በረኪና ከ10 እጅ ውኃ ጋር ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ያህል ከቆየ፣ ከዚያም ደጋግሞ በውኃ ታጥቦ ሽታው እስኪጠፋ ከደረቀ ያገለግላል። ፈጽሞ የማይደረገው ማደባለቅ ነው። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን፣ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎሪን የተባለ ጋዝ ይወጣል፤ ሁለቱም የሚያጸዳውን ሰው ሳንባ ጭምር ያቃጥላሉ።

«ዴቶል ለሰው ቁስል ከሆነ ለእንስሳ ምን ያደርጋል?»

ያደርጋል። የዴቶል ዋና ንጥረ ነገር ፌኖል ከሚባሉት ኬሚካሎች ወገን ነው፤ ይህ ወገን ደግሞ ለተሳቢ እንስሳት መርዛማ ሊሆን ይችላል። እባብ ሆዱን ከወለሉ ጋር አጣብቆ ስለሚኖር የቀረው ሁሉ ቆዳውን ይነካዋል። የጥድ ዘይት ያለባቸው ማጽጃዎችም እንዲሁ ይቅሩ።

«የተፈጥሮ ነገር አይጎዳም»

ጉንፋን ሲይዘን ባሕር ዛፍ የምንታጠን ሰዎች ስለሆንን ይህ አባባል በቀላሉ ያሳምነናል። የባሕር ዛፍ ዘይት፣ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ለእባቡ ያው ኃይለኛ ተነን ናቸው። ቡና ሲፈላ ዕጣን የሚጨስበት ክፍልም ለሳጥኑ ቦታ አይሆንም፤ ሌላ ክፍል ይፈለግለት።

«አቼቶ ሁሉን ይገድላል»

አቼቶን እኔም እወደዋለሁ፤ ግን የሚሠራውን እንወቅ። ቦል ፓይተን እርጥበት ስለሚፈልግ ሳጥኑ ውስጥ ውኃ ይረጫል፤ ውኃው ሲደርቅ በውስጡ ያለው ካልሲየም መስታወቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ነጭ አቼቶና ውኃ እኩል ተቀላቅለው በጨርቅ ሲቀቡት፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ነጩ ይሟሟል። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ነው። ጀርም በመግደል ግን በአቼቶ መተማመን አይገባም፤ ሳልሞኔላ የተባለውን አንጀት የሚያሳምም ባክቴሪያ ለማጥፋት የሚበቃ አይደለም።

ጀርም ለመግደል ቅደም ተከተሉ ይለያል። መጀመሪያ ቆሻሻው በሞቀ ውኃና በትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይለቅ። የእባብ ሽንት ደርቆ እንደ ኖራ ይጣበቃል፤ በደረቁ ከመፋቅ እርጥብ ጨርቅ ጭኖበት እስኪለሰልስ መጠበቅ ይሻላል። ፀረ ጀርሙ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ኩስ ላይ የፈሰሰ መድኃኒት ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። ክሎርሄክሲዲን ወይም ኤፍ 10 የተባለው የእንስሳት ሕክምና ፀረ ጀርም በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ተበጥብጦ፣ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል ሳይጠረግ ይቆይ። ረጭቶ ወዲያው የሚጠርግ ሰው መድኃኒቱን አባክኗል።

«እባቡ ውስጥ እያለ ላንዳፍታ ብወለውለውስ?»

በውኃ ብቻ በረጠበ ጨርቅ ከሆነ ይቻላል። ሌላ ማንኛውም ነገር ከተጨመረ እባቡ መጀመሪያ መተንፈሻ ቀዳዳና የሚቆለፍ ክዳን ወዳለው የፕላስቲክ ሳጥን ይዛወር። በቅርቡ ከበላ ግን ሁለት ቀን ያህል ይታገሡት፤ ሆዱ ሞልቶ ከተነካካ የበላውን ሊተፋው ይችላል። ዓይኑ ሰማያዊ ጭጋግ የለበሰ ከሆነም ቆዳውን ሊቀይር ነው፤ በደንብ ስለማያይ በቀላሉ ይደነግጣል፤ ቀይሮ እስኪጨርስ ይቆይ።

አምፖሉና የማሞቂያው ምንጣፍ ከኤሌክትሪክ ይነቀሉ። የጋለ መስታወት ቀዝቃዛ ውኃ ሲያርፍበት ሊሰነጠቅ ስለሚችል እስኪበርድ ይጠብቁ።

«በየሳምንቱ ሁሉም ነገር ታጥቦ ይውጣ»

እባብ ቤቱን የሚያውቀው በራሱ ጠረን ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ታጥቦ ሲጠፋበት ይረበሻል፤ መብላት የሚያቆምም አለ። ኩሱና ሽንቱ በታየበት ቀን ይነሣ፤ ሙሉ እጥበቱ በወር አንዴ አካባቢ ይበቃል።

«ዕቃ ማጠቢያው ላይ ባጥበው ምን አለበት?»

ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህንን ነው። ጤነኛ የሚመስል እባብ ሳልሞኔላ ተሸክሞ ሊኖር ይችላል፤ እሱ ሳይታመም ቤተሰቡን ያሳምማል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ሕፃን ባለበት ቤት ተሳቢ እንስሳ እንዳይኖር ይመክራል፤ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆነና የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎችም አደጋው ከፍ ያለ ነው። አያት ልጅ ለመጠበቅ መጥተው አብረው በሚኖሩበት ቤት ይህ በቁም ነገር ይታሰብበት። የሳጥኑ ዕቃ ምግብ በሚሠራበት ክፍል አይታጠብ፤ ስፖንጁና ባልዲው ለብቻ ይሁኑ፤ ሲጨርሱ እጅ ለ20 ሰከንድ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይታጠብ።

«ጋዜጣና ምላጭ ይበቁታል»

የጋዜጣው ቀለም ይለቃል፤ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ወይም የወረቀት ፎጣ ይሻላል። ምላጭ እውነተኛ መስታወት ላይ ብቻ፣ ያውም እርጥብ ሆኖ ይሠራል። አንዳንዱ ሳጥን የፊት ገጹ አክሪሊክ የሚባል መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ ነው፤ ምላጭ ይቧጭረዋል፣ አሞኒያና አልኮል ደግሞ ያደበዝዙታል።

ተንሸራታች በር ካለው የሐዲዱን ጎድጓዳ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ያጽዱ፤ ጥቃቅን ጥቁር ተባዮች ከተገኙ ሐኪም ይጠየቅ። ሁሉም ከደረቀና ሽታው ከጠፋ በኋላ ማሞቂያው ይሰካ፣ ሙቀቱ ሲስተካከል እባቡ ይመለስ፣ በሩም ይቆለፍ።